ጋሼ ተክሌ የሚገቡበት በር

ጡረታ የወጣሁት ከሰርቨሬ ጋር በአንድ ወር ነው። እሱን ክላውድ ወደሚሉት ቦታ አሳረጉት፤ እኔ ጎሮ ቤቴ ገባሁ። ኦሎምፒያ ያለው የሰርቨር ክፍላችን ዛሬ የተሰባበሩ ወንበሮች ማስቀመጫ ሆኗል ይሉኛል። ኤር ኮንዲሽነሩ ግን እስከ አሁን ይሠራል አሉ፤ ማጥፊያው የት እንደሆነ የምታውቀው ሰው ጡረታ ወጥታለች። እነዚያ ወንበሮች አዲስ አበባ ውስጥ ከማንም በላይ በክብር የተቀመጡ ወንበሮች ሳይሆኑ አይቀሩም።

ምን ትሠሪ ነበር ሲሉኝ፣ በር እዘጋ ነበር እላለሁ። ዘበኛ ነበረች ብለው የሚሄዱ አሉ፤ አላርማቸውም። ሥራ የጀመርኩት በቴሌክስ ነው። ድርጅታችን ጭነት አስተላላፊ ነው፤ አበባና ቆዳ ወደ ውጭ ይልካል፣ ማሽንና መለዋወጫ ያስገባል። ቢሮው ኦሎምፒያ፣ መጋዘኑ ቦሌ ኤርፖርት ጀርባ። ቴሌክስ ሲሞት ኮምፒውተር መጣ፤ ሁለቱም የሚጻፍባቸው ስለሆኑ አንቺው ያዢው ተባልኩ። የመጀመሪያው አለቃችን፣ የድርጅቱ መሥራች፣ ኢሜይል ሁሉ ታትሞና ማኅተም ተመትቶበት ካልመጣላቸው አያነቡም ነበር። ስለ ደመወዝ አልጽፍም፤ የሥራ መጠሪያዬ በረዘመ ቁጥር እሱ ባለበት ይቀር ነበር።

ሥራውን ያስተማሩኝ አቶ ሙሉጌታ ናቸው። ዕድሜያቸውን ስልክ ሲጠግኑ ኖረው ወደ እኛ የመጡ ቀጭን ሰው። ሰርቨር ከመንካታቸው በፊት ሰዓታቸውን ፈትተው ኪሳቸው ይከታሉ፣ እጃቸውን ይታጠባሉ፣ ዱካ ስበው ፊት ለፊቱ ይቀመጡና እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው የማራገቢያውን ድምፅ ያዳምጣሉ። ከዚያ አንቱ እያሉ ያናግሩታል። “አሁን ይህን በር ልዘጋብዎት ነው፤ ቅር እንዳይልዎት” ሲሉት በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ለምን አንቱ እንደሚሉት ብጠይቃቸው፣ ሥራ አስኪያጁ ቢቀየሙ ሥራ የምፈታው እኔ ብቻ ነኝ፣ ይህ ሰውዬ ከተቀየመ ግን ቢሮው በሙሉ ነው አሉኝ።

በር በር የምለውን ላስረዳ። የኢሜይል ሰርቨር ብዙ በር ያለው ፖስታ ቤት ማለት ነው። ደብዳቤው ሁሉ ያለው አንድ ክፍል ውስጥ ነው፤ ሰው ግን በተለያየ በር እየገባ ይወስዳል። ፕሮቶኮል የሚሉት ያንን በር ነው። ዕቃው ከፋብሪካ ሲመጣ በሮቹ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተው ይመጣሉ፤ የምትጠቀምበትን ትተህ የቀረውን መዝጋት የባለቤቱ ፈንታ ነው። ካልዘጋህ ሌባው አንተ ረስተኸው በተውከው ይገባል። ከሁሉም አሮጌው ፖፕ የሚባለው ነው። እኛ ዘንድ ያለው ፖፕ የይለፍ ቃል ሲሰጡት ሳይሸፍን ጮክ ብሎ ስለሚናገር፣ መንገድ ላይ ጆሮ ያለው ሁሉ ይሰማዋል።

ታዲያ የትኛው በር እንደሚያስፈልግ ለምን ሰው አይጠየቅም? እኔም መጀመሪያ እንደዚያ ብዬ ነበር። አቶ ሙሉጌታ ስቀው ሂጂ ጠይቂ አሉኝ። ክፍል ለክፍል ዞርኩ። ምን እንደሆነ የሚያውቅ አንድም ሰው አላገኘሁም፤ ሁሉም ግን ለማንኛውም ይኑር አሉኝ። በዚህ ከተማ “ለማንኛውም ይኑር” ያልሞላው መጋዘን የለም። ስለዚህ የእሳቸው ዘዴ ሌላ ነበር፤ ዝጊና አዳምጪ። ይዘጉና ሻይ ይዘው ኮሪደሩን ቀስ ብለው ወዲያ ወዲህ ይሉበታል። የሚፈልገው ሰው ካለ ይጮሃል፤ ይከፈትለታል። የሚጮህ ከሌለ በሩ ተዘግቶ ይቀራል። አንድ ጊዜ የፋክሱን በር ዘግተን ከሒሳብ ክፍል ጩኸት ሰማንና እየሮጥን ሄድን። ሴትዮዋ ሻይ ፈስሶባት ነው እንጂ ፋክስ መኖሩንም አታውቅም። ፋክሱ እንደተዘጋ ቀረ።

አቶ ሙሉጌታ ጡረታ ወጡ፣ መሥራቹም አረፉ፣ ልጃቸው ዮናስ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ዮናስን ከትምህርት ቤት ሲመጣ በቴሌክሴ ወረቀት አውሮፕላን ሲሠራ አውቀዋለሁ። ጸሎተኛ፣ አፉ ላይ ክፉ ቃል የማይገኝ፣ የቤተ ክርስቲያኑ መዘምራን መሪ ነው። ነገሩ የተጀመረው አንድ የሽያጭ ሠራተኛችን ቦሌ ካፌ ቁጭ ብሎ በካፌው ዋይፋይ፣ በፖፕ በር ኢሜይሉን ያወጣ ጊዜ ነው። የይለፍ ቃሉን አንዱ ለቀመበት። በማግስቱ በእሱ ስም ለደንበኞቻችን በሙሉ የወንዶችን ኃይል የሚጨምር መድኃኒት ማስታወቂያ ተላከ። ይቅርታ ጻፍን። ደንበኞቻችን ጨዋ ስለሆኑ አብዛኞቹ ዝም አሉ። አንድ የአበባ እርሻ ባለቤት ብቻ ዕቃው መቼ እንደሚገባ ጠይቀው መለሱ።

ዮናስ ፊቱ በርበሬ መስሎ ጠራኝና አላስፈላጊውን ሁሉ ዝጊው አለኝ። እኔም ለሠራተኛው በሙሉ በኢሜይል ማስታወቂያ አወጣሁ፤ ከሰኞ ጀምሮ አላስፈላጊ የሆኑት ይዘጋሉ፣ ችግር የገጠመው ያሳውቅ። አጭርና ግልጽ ነው ብዬ ኮርቼበት ነበር። በፖፕ ማን እንደሚገባ ለማወቅ የሰርቨሩን የመግቢያ መዝገብ ተመለከትኩ፤ ግን አሮጌ ኮምፒውተር ሁሉ በየደቂቃው ያንኳኳል። አግብታ አዳማ የሄደችው ጸሐፊ ኮምፒውተር እንኳ ዕቃ ግምጃ ቤት ውስጥ ሆኖ ያንኳኳ ነበር። ኮምፒውተር ባለቤቱ ቢሄድም ማንኳኳቱን አይተውም። ከዚያ ሁሉ አንኳኪ የትኛው ሰው እንዳለው፣ የትኛው ባዶ ወንበር እንደሆነ መለየት አልተቻለም።

ሰኞ ጠዋት እጄን ታጥቤ፣ ሰርቨሩን ይቅርታ ጠይቄ ፖፕን ዘጋሁ። ከዚያ ስልኩ አጠገብ ቁጭ ብዬ ጩኸት ጠበቅሁ። አንድ ሰው ደወለ፤ ምሳ ምን እንደሆነ ሊጠይቅ ነው። ቀኑ አለፈ፣ ሳምንቱም አለፈ፣ ሌላውም ተከተለ፤ ዝም። በሥራ ዘመኔ እንደዚያ የተዋጣለት አዘጋግ አላየሁም ብዬ ለራሴ ኬክ ገዛሁ።

አሁን ጋሼ ተክሌን ላስተዋውቅ። የሰነድ ክፍላችን ኃላፊ ናቸው፤ ያለ እሳቸው ፊርማ አንዲት ጽጌረዳ አውሮፕላን ላይ አትወጣም። ከማከብራቸው ሰዎች ሁሉ ይሉኝታ የሚባለውን ነገር እንደ እሳቸው የተሸከመ አላየሁም። ከጎሮ በታክሲ ነው የሚመጡት። ኦሎምፒያ ሲደርሱ “ወራጅ አለ” ማለት ረዳቱን ማዘዝ ይመስላቸዋል። ስለዚህ ሌላ ሰው ወራጅ አለ እስኪል ይጠብቃሉ። የሚል ከጠፋ መስቀል አደባባይ ድረስ ሄደው በእግራቸው ይመለሳሉ። ዘግይተው ሲገቡም የመንገዱ መጨናነቅ ነው ይላሉ እንጂ ረዳቱን አያሙም።

በእነዚያ ሳምንታት ጋሼ ተክሌ ላይ የሆነ ነገር አየሁ፤ ግን አላስተዋልኩትም። ሰላምታቸው ረዘመ። ኮሪደር ላይ ሲያገኙኝ ስለ ልጄ፣ ስለ ወገቤ፣ ስለ ጎረቤቶቼ ይጠይቁኝና እግዜር ይስጥልኝ ብለው ይሄዳሉ። ማታ ማታ ከጠረጴዛቸው አንድ አንድ ነገር በፌስታል እየያዙ ይወጣሉ፤ አንድ ቀን ስኒያቸውን፣ አንድ ቀን የልጆቻቸውን ፎቶ። ቢሮ እያጸዱ መስሎኝ በርቱ አልኳቸው። ጡረታቸው በዓመቱ መጨረሻ ስለሆነ፣ ሊያሰናብቷቸው ነው የሚል ወሬም ተነሳ። ሠራተኛው ስጦታው የግድግዳ ሰዓት ይሁን ወይስ ጋቢ ብሎ ለሁለት ተከፈለ። እኔ ጋቢውን ደገፍኩ።

ዮናስም በበኩሉ አኩርፏል። የእሱና የጋሼ ተክሌ ቢሮ የሚለየው አንድ ስስ ግድግዳ ነው። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ተገናኝተው ጎንበስ ጎንበስ ይባባላሉ፣ የቤተሰቡን ደኅንነት እስከ አጎት ልጅ ድረስ ይጠያየቃሉ፣ ከዚያ እያንዳንዱ ቅር እንዳለው በሩን ይዘጋል። ምን እንደሆኑ አልገባንም፤ የገባው ሰው ቢሮው ውስጥ አልነበረም።

አንድ ረቡዕ ጠዋት ሁለት ሽማግሌዎች ነጭ በነጭ ለብሰው ከሊፍት ወጡ። አንደኛው ቄስ ናቸው፤ ሌላኛው የጎሮ ዕድር ሊቀመንበር። እንግዳ ተቀባይዋ ሥራ አስኪያጁን ለሽምግልና ፈልገን ነው ሲሏት፣ ለሴት ልጅ ጥያቄ የመጡ መሰላት። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ኮሪደሩን ጨረሰ። እጮኛ ያላቸውም የሌላቸውም ሴቶች ስም ተነሳ፤ አንዷ ጸጉሯን ልታስተካክል መታጠቢያ ቤት ገባች።

ውስጥ የሆነውን ዮናስ ኋላ ነግሮኛል። ሽማግሌዎቹ እሺ ካላልከን አንቀመጥም ብለው ቆሙ። እሱም ጉዳዩን ሳይሰማ፣ እሺ አባቶቼ፣ ያላችሁኝን አደርጋለሁ፣ ተቀመጡ አላቸው። ተቀመጡና ልጃችን ተክሌ ምን በደለህ አሉት። ዮናስ ደነገጠ። የበደሉኝ እሳቸው ናቸው፣ ከጡረታ በኋላ አዲሱን መጋዘን እንዲመሩልኝ በኢሜይል ለምኜ ጻፍኩላቸው፣ እሺም እንቢም ሳይሉኝ ቀሩ፤ ደግሜ መጠየቅ ማስጨነቅ ይሆናል ብዬ ተውኩት፤ ዛሬ ከሰዓት ከሌላ ሰው ጋር ልፈራረም ነው አላቸው። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። እሱ ደግሞ ደብዳቤ ከተከለከልኩ ወር አለፈኝ ይላል አሉ።

እዚያ ላይ እኔ ተጠራሁ። “ደብዳቤ” የሚለውን ቃል ስሰማ ጆሮዬ ጋለ።

ለአቶ ሙሉጌታ ኋላ ይህን ታሪክ ስነግራቸው ማንም አልጮኸም እኮ ብዬ ተከራክሬ ነበር። “ታክሲ ማስወረድ የማይችል ሰው ላንቺ ሊጮህ?” አሉኝ። ቀጥለውም ኮሪደሩን ዞርሽ ወይ ብለው ጠየቁኝ። አልዞርኩም። ያን ሁሉ ሻይ የሚጠጡት ለጥማቸው ይመስለኝ ነበር። ቃላቸውን ይዤ እግራቸውን ትቼዋለሁ። በሩን መዝጋቴ ግን ልክ ነበር፤ እስከ ዛሬም ልክ ነው እላለሁ፣ ሽማግሌዎቹ ፊትም ያልኩት ይህንኑ ነው።

የፖስታ ቤቱን ምሳሌ ነገርኳቸው። ቄሱ በጥሞና ሰሙና ጎናቸውን አስተካክለው ተቀመጡ።

“ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያንም የወንድ በር አለው፣ የሴት በር አለው፣ የካህን በር አለው። አንድ ሽማግሌ ዕድሜ ልኩን በገባበት በር ሲመጣ ተዘግቶ ቢያገኘው፣ ዞረህ በዚያ ግባ የሚለው ሰው እንኳ አይቆምለትም?”

ዮናስ ቀና ብሎ አየኝ።

የዕድሩ ሊቀመንበር ግን ጉዳይ መቁረጥ የለመዱ ናቸው። በሩ ይከፈት ብለው ወሰኑ፤ ሥራ አስኪያጁም አስቀድሞ እሺ ብሏል። ዮናስ አንገቱን ደፋ፤ ለሽማግሌ የሰጠውን ቃል ማጠፍ አይችልም፣ ያንን በር መክፈትም አይችልም። እኔ ዝም ብል ይሻለኝ ነበር።

“አባቶቼ፣ ይህ በር ከተከፈተ ያ መድኃኒት ተመልሶ ይመጣል” አልኩ።

“የምን መድኃኒት?” አሉ ቄሱ።

ዮናስ መስኮቱን መመልከት ጀመረ። ሊቀመንበሩ አንዴ እሱን አንዴ እኔን አዩና፣ ብዙ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ እሱ ይቅር፣ ይቅር፣ በሩ ይዘጋ አሉ። የወረዳው ችሎት እንኳ እንደዚያ ፈጥኖ ውሳኔ ሲለውጥ አላየሁም።

ቄሱ ግን ፍሬ ነገሩን አልለቀቁም፤ ደብዳቤዎቹ ጠፍተዋል ወይ አሉኝ። አንድም አልጠፋም፣ ሁሉም ውስጥ እየጠበቋቸው ነው፣ በሌላው በር አሁኑኑ ላስገባቸው እችላለሁ አልኳቸው። እንግዲያው እጁን ይዘሽ አስገቢው ተባለ፤ እርቁም እሱ ሆነ።

ጋሼ ተክሌ ቢሯቸው ውስጥ ቆመዋል፤ የጃኬታቸውን ቁልፍ ቆልፈው። ጠረጴዛው ላይ ከኮምፒውተሩ በቀር ምንም አልቀረም። ኮምፒውተሩ ስምዎንና የይለፍ ቃልዎን ያስገቡ ይላል፤ ያስገባሉ፣ አይቀበላቸውም፣ እንደገና ይጠይቃቸዋል። ወሩን ሙሉ እንዲህ ሲያደርጋቸው ነው የከረመው።

“ጋሼ ተክሌ፣ ለምን አልነገሩኝም?”

“ምን ብዬ? አላስፈላጊው ይዘጋል ብለሽ ጻፍሽ። የእኔ ተዘጋ። አንቺ ደግሞ በሥራሽ አትሳሳቺም።”

ቅሬታ አልነበረበትም፤ እኔን ማመስገናቸው ነበር። ማስተባበያ መፈለግ ጀመርኩ፤ ስላልተገኘ ክንዳቸውን ያዝኩ።

ዮናስ ቢሮ አምጥቼ ላፕቶፔ ፊት አስቀመጥኳቸው፤ በአዲሱ በር አስገባኋቸው። የከረመው ደብዳቤ እንደ ክረምት ጎርፍ ወረደ። የዮናስን ላሳይዎት ስል እጃቸውን አነሱ። የሰነድ ሰው ናቸው፤ ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይነበባል። ከመጀመሪያው ጀመሩ። የሊፍት ጥገና ማስታወቂያ አነበቡ። የጠፋ ጃንጥላ አነበቡ። የአንዲት የሒሳብ ሠራተኛ የልጅ ልደት ጥሪ ሲያገኙ፣ ሳልሄድ ቀረሁ ብለው ከልባቸው አዘኑ። ሽማግሌዎቹ ይጠብቃሉ፣ ዮናስ ላቡን ይጠርጋል። ከሰዓት የሚፈርመው ሰውዬ ደውሎ መንገድ ላይ ነኝ አለው፤ ዮናስም ጥቂት ይጠብቁኝ ብሎ ዘጋው። ጋሼ ተክሌ አሁን የመብራት መቋረጥ ማስታወቂያ ላይ ናቸው።

በመጨረሻ ደረሱበት። አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉና እንደገና አነበቡት። ደብዳቤው ላይ ዮናስ፣ አባቴ ካረፉ በኋላ በዚህ ቤት የምመክረው ከእርስዎ በቀር ሰው የለኝም ብሎ ጽፎ ነበር። ዮናስ ክንዳቸው በሚደርስበት ርቀት ተቀምጧል፤ እሺ ወይ እንቢ ቢሉት ይሰማል። ጋሼ ተክሌ ግን ደብዳቤ በደብዳቤ ነው የሚመለሰው ብለው በሁለት ጣታቸው መጻፍ ጀመሩ። ሁላችንም የፊደሎቹን ቀጭ ቀጭ እንሰማለን። ላኩት።

የዮናስ ስልክ ኪሱ ውስጥ ጮኸ። የእኔም ጮኸ፤ ግልባጭ ልከውልኛል።

ዮናስ ቆሞ ጮክ ብሎ አነበበ። “ጉዳዩ፦ መልስ ስለመስጠት። አዲሱን መጋዘን እንድመራ የጻፉልኝን ደብዳቤ ዛሬ አግኝቼ አንብቤያለሁ። በደስታ ተቀብያለሁ።” ቀሪውን ሳያነብ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ጠረጴዛውን ዞሮ ሄዶ ትከሻቸውን ሳማቸው፤ እሳቸውም የልጅነት ስሙን ጠርተው አቀፉት። ቄሱ ተነሥተው ምርቃቱን ጀመሩ።

እኔ ስልኬ ላይ ቀሪውን እያነበብኩ ነበር። ታች፣ ከሰላምታው በፊት፣ እንዲህ ይላል፦ “ወይዘሮ ሰናይት የታዘዙትን በአግባቡ የፈጸሙ ስለሆነ፣ በዚህ ጉዳይ ምንም ዓይነት ወቀሳ እንዳይደርስባቸው በአክብሮት እጠይቃለሁ።”

ወር ሙሉ ለራሳቸው አንድ ቃል ያልተነፈሱ ሰው፣ ለእኔ ሲሆን ጠየቁ። ቄሱ እየመረቁ ነው፣ ሁሉም አሜን ይላል። እኔም ከሁሉም ጮክ ብዬ አሜን አልኩ።